አክስቷ ጋ ሄዳለች

ለማከብርሽና ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንዴት ነሽልኝ? ደረጃ ባየ ቁጥር የሚያኮርፈው ጉልበትሽ ታረቀሽ ወይ? ጋሼንስ ያ ሳል ተዋቸው? ልጆቹስ፣ እማማስ እንዴት ናቸው? የእኔን ከጠየቅሽ አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍልሽ እዚያው ሆነሽ ውሸታም እንደምትዪኝ ስለማውቅ፣ አለሁ ማለቱ ይበቃናል። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሰው የሚያመጣልኝን ጫማ እጠግናለሁ።

ያንን ባዶ ቤት ዘግተህ ና፣ የጓሮዋን ክፍል ቀለም አስቀብቼልሃለሁ ብለሽ ከጻፍሽልኝ ቆየ። መልሱን ያዘገየሁት ንቄሽ እንዳይመስልሽ። እንዲያውም ልመጣ ቆርጬ ነበር። የጫማ መስፊያ መኪናዬን ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ሊወስዳት ተስማምተን፣ ወስፌውንና መዶሻዎቹን በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገርሽና አንቺው ፍረጂኝ።

ልጄ እናቷን ባጣች ጊዜ ጡጦ ይዘሽ ያሳደግሻት አንቺ ነሽ። እንደማትሰማም መጀመሪያ ያወቅሽው አንቺ ነሽ። የድስት ክዳን ከጀርባዋ ወድቆ ሁላችንም ስንደነግጥ፣ እሷ ከአሻንጉሊቷ ቀና እንኳ አላለችም ነበር። አንቺ ርቀሽ ከሄድሽ ወዲህ እኔን በእግሬ ያቆመኝ የወላጆች ማኅበራችን ነው። የማይሰሙ ልጆች የሚማሩበት ክፍል አባትና እናቶች ሆነን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በልጆቻችን ወንበር ላይ ጉልበታችንን አጥፈን ተቀምጠን የምልክት ቋንቋ እንማራለን። የምታስተምረን የልጆቹ መምህርት ናት፤ እሷም አትሰማም። የአውቶቡስ ሹፌሩ ጣቶች መሪ እንደጨበጡ ስለቀሩ፣ አንድ ቃል አስተካክሎ እስኪያወጣ ትምህርቱ ያልቃል። ሊቀመንበራችን ዳቦ ጋጋሪዋ ደግሞ ስታወራ ከሦስተኛው ቤት ትሰማለች። እግዜር እኔን የመሰለች ጯሂ እናት ሲሰጣት፣ ጆሮዋን የከለከላት አዝኖላት ነው እያለች በልጇና በራሷ ላይ ትቀልዳለች፤ ታስቀን ነበር።

በክረምቱ እረፍት ልጄ ስትሞትብኝ እነዚሁ ሰዎች ከቤቴ አልጠፉም። ሹፌሩ ከሥራ መልስ መጥቶ አጠገቤ ይቀመጥ ነበር። ትምህርት ሲከፈት ግን ተለወጡብኝ። አንድ ቅዳሜ እግሬ እንደለመደው ወደ ክፍሉ ብቅ ስል፣ ይነጋገሩ የነበሩት እጆች ሁሉ ባንዴ ቀጥ አሉ። ዳቦ ጋጋሪዋ በሩ ላይ ያዘችኝና፣ እረፍት አድርግ፣ ራስህን አታድክም፣ ጊዜው ሲሆን እኛው እንጠራሃለን አለችኝ። እሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስትናገር ያን ቀን ገና መስማቴ ነው። ልጁ የሞተበትን አባት ገደቢስ አድርገው ቆጠሩኝ ብዬ ክፉኛ ከፋኝ። ያንቺ ደብዳቤ የደረሰኝ በዚያው ሰሞን ነው፤ ዕቃ መጠቅለል የጀመርኩትም ያኔ ነው።

መምህርቷ ተረከዙ የተነቀለ ጫማ ሰጥታኝ ስለነበር፣ የሰው ንብረት ይዤ እንዳልሄድ ልመልስላት ወደ ትምህርት ቤቱ ወጣሁ። ልጆቹ እረፍት ላይ ነበሩ። ግቢውን ሳቋርጥ የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ፣ ከልጄ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ትቀመጥ የነበረችው፣ ከማዶ አየችኝና በሁለት ጣቷ ከከንፈሯ ጥግ አንድ ነገር እንደመምዘዝ አደረገች። እትዬ፣ ያ የእኔ ስም ነው። ሶል ስመታ ሚስማሮቹን በከንፈሬ ስለምይዝ ልጄ ያወጣችልኝ ስም ነው። በሁለታችን መካከል ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ክፍሉ በሙሉ በዚያ ያውቀኛል። ሌሎቹም ዞር ዞር እያሉ በዚያው ስም እየጠሩኝ መጥተው ከበቡኝ። አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ።

ልጅቱ በእጇ፣ ከአክስቷ ቤት መቼ ነው የምትመለሰው አለችኝ። የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግመሽ ንገሪኝ አልኳት፤ ያንኑ ደገመችልኝ። አንዱ እዚያ የእኛን ዓይነት ትምህርት ቤት አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ያችው የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ ደግሞ ሳትሰናበተኝ ነው የሄደችው፣ ብትመጣም አላናግራትም አለችና ፊቷን አዞረችብኝ። አላውቅም አልኳቸው። ጫማውን ለዘበኛው ትቼ ወጣሁ።

ኋላ እንደሰማሁት ነገሩ እንዲህ ነው። ወላጆቹ ተመካክረው፣ የልጆቹ ልብ እንዳይሰበር ብለው፣ ሩቅ አገር አክስቷ ጋ ሄዳለች ብለዋቸዋል። መምህርቷንም እንዳትናገር አስምለዋታል። የሚሰማ ልጅ ቢሆን ከጎረቤት አፍ፣ ከለቅሶው ድምፅ እውነቱን ይቃርም ነበር። የእኛዎቹ ግን የነገርናቸውን ብቻ ነው የሚያውቁት። ከእኔ የሸሹትም ገደቢስ ብለውኝ ሳይሆን ዓይኔን ማየት አፍረው ነው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ሳልጠራ ሄጄ ቁጭ አልኩ። ልጆቹ ይወቁ፣ የምነግራቸውም እኔ ነኝ አልኩ። ዳቦ ጋጋሪዋ እያለቀሰች ልጆች ናቸው፣ ቀስ ብለው ይረሱታል፣ ተዋቸው አለች። ሹፌሩ የእኔ ልጅ በትንሹም የሚደነግጥ ነው፣ ተው ወንድሜ አለ። ክርክሩ ጦፈ። ሁሉም በአፉ እየተናገረ መምህርቷን ረስተናት ኖሮ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። ከዚያ ለሹፌሩ እንኳ እንዲገባው አድርጋ፣ ዝግ ብላ በእጇ ተናገረች፤

«አባቴ ሲሞት ሥራ ሄዷል አሉኝ። በር በር እያየሁ አደግሁ። ጥሎኝ ሄደ ብዬ ጠላሁት። መሞቱን የነገሩኝ ጠልቼው ከጨረስኩ በኋላ ነው።»

ዳቦ ጋጋሪዋ እንባዋን ጠርጋ፣ እንግዲያው ሰኞ ጠዋት ይሁን አለች።

ሰኞ ጠዋት ወላጆቹ ከኋላ ቆመው እኔ ከልጆቹ ፊት ተቀመጥኩ። ታማ እንደነበር፣ ሐኪሞቹ እንደደከሙላት፣ እንደሞተችና ከእንግዲህ እንደማትመለስ ነገርኳቸው። ቃሉ እንዳይበላሽብኝ እያንዳንዱን ምልክት ቀስ ብዬ በእጄ አወጣሁት። አንዱ በጣም ያማት ነበር ወይ ሲለኝ አዎ አልኩት። የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ እኔን ጠይቃ ነበር ወይ አለች። ጠይቃ ነበር፤ ይህን ለማጽናናት ብዬ አልፈጠርኩትም። መነሳት ሲያቅታት እንኳ ጣቶቿ የዚያችን ልጅ ስም ከብርድ ልብሱ ላይ ይጽፉ ነበር። ይህን ስነግራት ልጅቱ ዓይኖቿን በሁለት እጇ ሸፈነች። ዓይኗን ከሸፈነች ደግሞ ቃል የሚገባበት ቀዳዳ የለም። እናቷ፣ ያ ሁሉ ድምፅ እያላት፣ ዝም ብላ አቀፈቻት። እኔም ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ ሰው ፊት ያለቀስኩት ያኔ ነው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደዚያች ጠባብ ወንበር ተመልሻለሁ። ልጅ የሌለው ወላጅ ማኅበር ውስጥ ምን ይሠራል ያለኝ የለም። ዕቃዎቹንም ከጨርቁ ፈትቻቸዋለሁ።

የማልመጣው ግን በማኅበሩ ምክንያት ብቻ ነው ብልሽ መዋሸቴ ነው። ያን ቀን ልጅቱ መቼ ትመለሳለች ስትለኝ፣ አላውቅም ያልኳት የምለው ስለጠፋኝ ብቻ አይደለም፤ ለአፍታ አምኛት ነው። ልጄን አንቺ ቤት፣ ከጓሮዋ ክፍል ደጃፍ፣ ጫማዋን አውልቃ ተቀምጣ አየኋት። ልጆቹን እውነቱን ነገርኳቸው፤ ለራሴ መንገሩ ግን አቃተኝ። ሥራ ሲሰለቸኝ አሁንም አንቺ ጋ ናት እላለሁ፣ እትዬ ታበላታለች እላለሁ፣ ከዚያ ወደ መዶሻዬ እመለሳለሁ። መጥቼ በሩን ከፍቼ ባጣት፣ ለሁለተኛ ጊዜ መቅበሬ ነው። አትቀየሚኝ፤ ክፍሏንም ለጊዜው ለሌላ ሰው አትስጪብኝ።

ለጋሼ ጎንበስ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ስለ እኔ ሲጠይቁ ሥራ በዝቶበት ነው በያቸው። ትልቁ ልጅሽ የላከልኝ ሹራብ ልክ ሆኖኛል፣ ተባረክ በይልኝ። መንትዮቹን ግራና ቀኝ ጉንጫቸውን ሳሚያቸው፤ የአጎታቸው ልጅ መሞቷን ካልነገርሻቸው ዛሬውኑ ንገሪያቸው።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከጫማ መጠገኛዬ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ