ሃያ አንድ ቀን የተዘጋ በር

ሰኔ ዘጠኝ፣ እሑድ ረፋድ

ለብጤዬ እልኸኛ፣ ለሐኪሟ ልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገት ሲያይ ያኮርፋል። ይህን ማንንም ሳላስጽፍ በእጄ ጽፌዋለሁና ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ።

ወሬውን ልንገርሽ። መቶ አሥራ ሁለት ዶሮ ነበረኝ፤ ዛሬም መቶ አሥራ ሁለት ነው። ፈንግል የሚሉት በሽታ የሰፈሩን ዶሮ ሲጨርስ ከእኔ ግቢ አንዲት አልጎደለችም።

የላክሽው የቪታሚን ዱቄት ሲደርሰኝ ክትባት መስሎኝ "በቃ፣ ዳንን" ብዬ ነበር። ወረቀትሽን በጣቴ እየተከተልኩ ሁለት ቀን ሳነበው፣ "ቪታሚን ያበረታል እንጂ በሽታ አያግድም፤ ክትባቱን ከክሊኒክ ውሰድ" ይላል። ተናደድኩ። ሄጄም አመጣሁ።

ክትባቱ በውሃ ስለሚሰጥ አስቀድመው ሁለት ሰዓት ይጠሙ ብለሻል። ምን ጉድ ነው ያስያዝሽኝ? መቶ አሥራ ሁለት አፍ ተንጫጫብኝ። እናትሽ ብትኖር ተደብቃ ታጠጣቸው ነበር። እኔ ሰዓቴን ይዤ በርጩማዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ውሃውን ሳቀርብማ ተሻምተው ጭልጥ አደረጉት።

ከዚያ እንዳልሽው ለሃያ አንድ ቀን በሩን ዘጋሁ። ደጃፉ ላይ ለጫማ መንከሪያ በረኪና የተበጠበጠበት ሳፋ አኖርኩ። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣

"አንተ፣ ፊደል ሳትጨርስ የዶሮ ሐኪም ሆንክ እንዴ?" አለኝ።

"ሐኪሟ ሌላ ናት፤ እኔ ዘበኛ ነኝ" አልኩት።

በሳምንቱ የእሱ ዶሮዎች አንገታቸው እየተጠማዘዘ ይረግፉ ጀመር። የተረፉትን ሦስት አቅፎ መጣና "እባክህ ጥግ አስጠጋልኝ" አለ። አልከፈትኩም። እህቴም መጣች።

"ለእኔም ትዘጋለህ?"

"ላንቺም።"

"መቃብርህም በር ይኑረው" ብላኝ ሄደች።

በር መዝጋት እንደሚሆንልኝ አንቺም ታውቂዋለሽ። የዛሬ አራት ዓመት የእንስሳ ሐኪም እሆናለሁ ብለሽ ስትወጪ እንዴት እንደዘጋሁት አልረሳሽውም። እኔም አልረሳሁትም። ድርቅናዬ ለቁም ነገር ሲውል ይህ የመጀመሪያው ነው።

ትናንት ቀኑ ሞላ። ልብስ ሰፊውን ሳፋውን አስረግጬ፣ የእኔን ቦቲ አስጫምቼ አስገባሁት። ዶሮዎቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ አፉን በእጁ ያዘ።

"ማን አስተማረህ?"

"ልጄ" አልኩት፤ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ። "ልጄ ናት ያስተማረችኝ።"

የዶሮ ቤቱን አጽድቶ እንደገና እስኪያረባ ድረስ እንቁላል ከእኔ ይወስዳል። ደረቅ ብሆንም ክፉ አይደለሁም።

እንግዲህ ሕጉ ያው ነው፤ የገባ ሁሉ የቤቱን ቦቲ ይጫማል። የእናትሽን አጥቤ በሩ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ትናንት በሩ ሲከፈት ለመጣችው እህቴ ጠበባት፤ ለልብስ ሰፊው ሚስት ሰፋት። ከአንቺ እግር በቀር ልኩ የሚሆን አላገኘሁም።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይዳን። የእናትሽ ምርቃት ይከተልሽ። በሩ አልተቆለፈም።

ደረቁ አባትሽ