ቅጹ ላይ «የለም» ያልኩት ሕመም

ጥር 6
ሁለት ቀሚስ ቆርጬ አንዱን ብቻ ሰፋሁ። ጣቶቼ እንደ ልማዳቸው ጠዋት አልታጠፍ አሉ። ልጄ ደወለች። «እማዬ፣ እንዴት ነሽ?» ደህና ነኝ አልኳት። አራት ዓመት ሙሉ ደህና ነኝ። ስትወልድ እንድደርስላት ቲኬት ልካለች፣ ለየካቲት 10። የቀረኝ ክትባት ነው። የቢጫ ወባ ካርድ ከሌለኝ እሷ ያለችበት አገር አያስገቡኝም አሉ።

ጥር 9
ክትባት ጣቢያ ሄድኩ። ቅጽ ሰጡኝ። ሥር የሰደደ ሕመም? የለም። ዘወትር የሚወስዱት መድኃኒት? የለም። እጄ ለምዶታል፣ ምን ላድርገው?
ሲስተሯ መርፌውን አዘጋጅታ «ክንድዎን ያውጡልኝ፣ እናቴ» አለች። የእጅጌዬ ቁልፍ አልፈታ አለኝ። ራሴ የተከልኩት ቁልፍ! ታገልኩት... ከኋላ የተሰለፉት ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። መርፌውን አስቀመጠች።
«ጣትዎ ምን ሆኖ ነው?»
«ብርድ ነው።»
«ለብርዱ ምን ይወስዳሉ?»
ተያዝኩ። የመድኃኒቱን ስም ነገርኳት። ደነገጠች። «ይኼ እኮ የሰውነትዎን መከላከያ ያዳክማል። ክትባቱ ደግሞ ሕይወት ያለው ነው። ወግቼዎት ቢሆን ልገድልዎት እችል ነበር!»
ይቅርታ ጠየቅኳት። ገዳይ እሷ፣ ይቅርታ ጠያቂ እኔ።

ጥር 11
ሐኪሜ ጋ። መድኃኒቱን ላቁምና ውጉኝ አልኩት። ከመነጽሩ በላይ አየኝ። ለእኔ የማያሰጉትን ሁለት ሌሎች ክትባቶች አዘዘልኝ። ቢጫ ወባው ለምን እንደቀረ ደብዳቤ ጻፈ። የመገጣጠሚያ ሕመሜ ስም፣ የጀመረበት ዓመት፣ ማኅተም። ታዲያ ደብዳቤው አስቀድሞ እዚያ አገር መጽደቅ አለበት። የሚያስገባው ጋባዥ ነው... ልጄ።

ጥር 14
አልላክሁትም።

ጥር 15
ስልኬ ካርድ የለውም። አለው።

ጥር 18
ላክሁት። ፈርቻለሁ። ላርሳት ሄጄ ልታስታምመኝ? ቅሪ ብትለኝስ?

ጥር 19
ደወለች። «አራት ዓመት?» አለች። አለቀሰች፣ አለቀስኩ። «ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው፣ ከረፋድ በኋላ ሕፃን ማቀፍ አያቅተኝም» አልኳት።
«እማዬ... እኔም ያልነገርኩሽ አለ።»
የደም ግፊት ተነሥቶባት ስድስት ሳምንት አልጋ ላይ ናት። ሥራ ገባሁ፣ ገበያ ወጣሁ ስትለኝ የኖረችው ተኝታ ነው።
ተቆጣሁ። ከእናት ይደበቃል? ማንን ወጥታ ነው?

የካቲት 2
ደብዳቤው ጸደቀ።
ጠዋት ደወለች። «ግራ እጅሽ?» አይታጠፍም። «ግፊትሽስ?» አልኳት እኔ። ከፍ ብሏል። «እግርሽስ?» አብጧል። ሁለታችንም ደህና አይደለንም። እንዲህ ደስ ብሎኝ ስልክ ዘግቼ አላውቅም።