ሞተሯን ማን አዳመጠላቸው፦ የቶርኖ ባለሙያው የሕይወት ታሪክ

ይህን የሕይወት ታሪክ ያስጻፉት የሟቹ ባለቤት ናቸው። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ሲመክር፣ «እሳቸው ፊደል አልቆጠሩ፤ የተማረው ይጻፈው» ተባለና ለበኩር ልጃቸው ተሰጠ። የጻፈው ሲነበብላቸው «አሮጌ ሞተር ሳይክል ከወንድ ልጃቸው ጋር አድሰዋል» የሚል ሰሙ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ወረቀቱን ለአራት ቀደዱና ጎረቤታቸውን አስተማሪዋን እንደ አዲስ አስጻፉ። ሃምሳ ዓመት በትዳር ሲኖሩ ፊደል የጠየቃቸው አልነበረም። የሚያነበው ግን ያው በኩር ልጃቸው ነው፤ ድምፁ ጥሩ ነው። መስመር እንዳይዘል አስተማሪዋ አጠገቡ ቆማ በጣቷ ትከተላለች።

ሟቹ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። ለቤቱ አራተኛ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ሲሞቱ ከስድስተኛ ክፍል ወጥተው በአሥራ አምስት ዓመታቸው ቶርኖ ቤት ገቡ፤ አርባ አምስት ዓመት ብረት ሲልጡ ኖሩ። በሃያ ሦስት ዓመታቸው ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ጡረታ ሲወጡ የግድግዳ ሰዓት ተሸለሙ፤ ደወሉን ግን ሰምተውት አያውቁም። ጆሯቸውን የቶርኖው ጩኸት በልቶታል። ሰው «ሰላምታ አይመልሱም፣ ኩሩ ናቸው» እያለ ያማቸው ነበር። አልሰሙም እንጂ አልኮሩም። ኩራቱ የባለቤታቸው ነው።

ጡረታ በወጡ በዓመቱ፣ በወፍጮ ቤት ጓሮ ዶሮ ይሰፍርባት የነበረች ሞተር ሳይክል በእጅ ጋሪ አስገፍተው አመጡ። በኩሩ አይቶ «ለቆራሌው ስጧት» ብሎ ሄደ። ሴቷ ልጅ ቀኑን ሙሉ ዳቦ መሸጫ ቆማ ውላ ስትመለስ፣ ጫማዋን አውልቃ ከአባቷ ጎን በረንዳው ላይ ቁጭ አለች። ሁለቱ ሞተሯን ማደሱ ዘጠኝ ዓመት ፈጀባቸው። የባለቤታቸው የልብስ ሳፋ ማርሽ ተዘፈዘፈበት፤ አልጋ ሥር ካርቡሬተር ተኛ። ባለቤታቸው ሁሉንም ቻሉት። ማን አመሰገናቸው?

ሞተር የሚስተካከለው በጆሮ ነው፤ የአባትየው ጆሮ ደግሞ የለም። ስለዚህ ልጅቱ የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሯ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮዋ ሥር አድርጋ ታዳምጣለች፤ አባትየው ፊቷን እያዩ ብሎን ያጠብቃሉ፣ ያላላሉ። «ምን ትላለች?» ይሏታል። ግንባሯን ካጨማደደች ታንኳኳለች ማለት ነው፤ አፏን ካጣመመች ነዳጅ በዝቶባታል። ስንት ዓመት ሙሉ ሞተሯ ትነሳለች፣ ታስላለች፣ ትሞታለች። የሁለቱም ወገብ ተቆረጠ።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ሞተሯ ተነስታ አልጠፋም አለች። ልጅቱ ፊቷን አላሳየቻቸውም፤ የካቻቢቴውን እጀታ አባቷን በጥርሳቸው አስነከሰቻቸው። ንዝረቱ እስከ ራስ ቅላቸው ወጣ። «ሰማኋት» አሉ። ሲሉ ሰው ሠራሹ ጥርሳቸው ወልቆ ወደቀ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

በዚያው ቀን በኩር ልጃቸው መጣ፤ ሞተሯ ላይ ተቀምጦ ከአባቱ ጋር ፎቶ ተነሳ። በዚህ ወረቀት ሽፋን ላይ ያለው ፎቶ ያ ነው። ከዳር በኩል ካቻቢቴ የያዘ እጅ ይታያል፤ የእህቱ እጅ ነው። «ልሞክራት» ብሎ አንድ ዙር ነዳና ሞተሯን ግቢው ውስጥ አቁሞ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ሦስት ዓመት ሞላው። ሟቹ አልጠየቁትም፤ ለእንዲህ ያለው ነገር ደንቆሮነት ይመቻል።

ሟቹ ሳንባቸውን ታመው ስምንት ወር ተኙ። በመጨረሻ «አንዴ አስነሺልኝና ልንከሳት» ብለው ልጃቸውን ለመኗት። ያለ ቁልፍ ማስነሳት ታውቅ ነበር፤ እሳቸው ግን የሌባ ሥራ ነው ብለው ከለከሏት። ወንድሟ ዘንድ ተደወለ። «ቁልፉን እሑድ አመጣለሁ» አለ። እሑዱ ሳይደርስ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጸጥ ባለ ቦታ ያሳርፍ እንዳይባል፤ ጸጥታውን በሕይወት ሳሉ ጠግበውታል። ሁሉ በሚሰማበት ያሳርፋቸው።

አሁን፣ ልጄ፣ አንብበህ ጨርሰሃል። ወረቀቱን ለአስተማሪዋ ስጥና እጅህን ኪስህ ክተት። ቁልፉን ሕዝቡ እያየ ለእህትህ ስጣት። እሷ ሞተሯን ሳታስነሳ የአባትህ አስከሬን ከዚህ ግቢ አይወጣም።