በአንቺ በኩል ያለው ፍሬን

ውድ ዱርሲቱ፣

ስልክ ልደውል አስቤ ተውኩት። ብታነሺው እንኳ ራሴን አውቀዋለሁ፤ አንቺ አንድ ቃል ሳትጨርሺ እኔ ሦስት እናገራለሁ። ወረቀት ላይ ግን ማቋረጥ የለም፤ ስትሰለቺ አጥፈሽ ታስቀምጪዋለሽ።

ይህን እህትሽ ላሊሴ ታደርስልሻለች። ሆዷ አልችል ብሎ ነግራኛለች። እስከ ወሩ መጨረሻ እዚያው እሷ ያለችበት ሱሉልታ ቤት ልትከራዪ ነው አሉ። ከተከራየሽ በኋላ ወደ ሰበታ የምትመለሺ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ጊዜ የለኝም። ቢሆንም አመሌን ታውቂዋለሽ፤ የተበላሸ ፎቶኮፒ ማሽን ፊት ተቀምጬ ለምን እንደቆመ ሳላውቅ ወደ ቤቴ የምሄድ ሰው አይደለሁም። ከሄድሽ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሙሉ የእኛን ማሽን ስፈታ ነው የከረምኩት።

ያልገባኝ ነገር ይህ ነበር። እኔ የምሠራው ጉርድ ሾላ፣ አንቺ መገናኛ መነጽር ቤት። መንገዱ አንድ ነው። ደጃፋችን ላይ ደግሞ መኪና ቆሟል። ዲኤክሷ አርጅታለች፣ አልካድኩም፤ የኋላ በሯ ከውስጥ አይከፈትም፣ ራዲዮኗም ያሻው ቀን ብቻ ነው የሚናገረው። ግን አንድም ቀን መንገድ ላይ ጥላን አታውቅም። እሺ፣ ሁለት ቀን። አራት ዓመት አብረሽኝ ከተመላለስሽ በኋላ አንድ ሰኞ ጠዋት «ከዛሬ ጀምሮ በባቡር ነው የምሄደው» አልሽኝ። እስከ ጦር ኃይሎች በታክሲ ተጋፍተሽ፣ እዚያ ተሰልፈሽ፣ ከዚያ ቆመሽ እስከ መገናኛ። ለዚህ ብለሽ ከእኔ አርባ ደቂቃ ቀድመሽ ትነሻለሽ። «ለምን?» ስልሽ መልስሽ «ባቡር ይሻለኛል» ብቻ ነበር።

ሁለት ዓመት ከአንድ አልጋ እየተነሳን በሁለት መንገድ ወደ አንድ አቅጣጫ ሄድን። ጎረቤታችን ኦቦ ዳዲ አንድ ቀን አጥራቸውን ተደግፈው «ኪሩ፣ ሚስትህን የማትጭናት ነዳጅ ትበላብኛለች ብለህ ነው?» አሉኝ። ስቄ አለፍኩ፤ ውስጤ ግን በግኖ ነበር። መኪናዋን ስትንቂ እኔን የናቅሽ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ያ ዝናባማ ማክሰኞ መጣ። ታክሲ ጠፍቶ ሳትወጂ መኪናው ውስጥ ገባሽ። አየር ጤና ጋ አንድ አይሱዙ ተጠማዞ ገባብኝና የሆንኩትን ሆንኩ። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ያልኩትን እዚህ አልደግመውም። ወርጄ ከሹፌሩ ጋር ተናንቀን፣ ሰው ገላግሎን ስመለስ መቀመጫሽ ባዶ ነው። ጥላ እንኳ ሳትይዢ በዚያ ዝናብ በእግርሽ እየሄድሽ ነበር። ከሥራ ስትመለሺ ሻንጣሽን ያዝሽ፤ «ትንሽ ላስብ» ብለሽ ወጣሽ። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ በዝናብ ምክንያት እንደተጣላን ሳወራ ከረምኩ።

ያለፈው ሐሙስ መኪናዋን ቤት ትቼ በአንቺ መንገድ ሄድኩ። አልተበላሸችም፤ ሆን ብዬ ነው። ባቡሩ ውስጥ ከእኔ መኪና የሚሻል ምን እንዳለ ማወቅ ነበረብኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሌላ ሰው ይኖር ይሆን ብዬም ጠርጥሬያለሁ። ስጽፈው አፍራለሁ፤ ግን ጠርጥሬያለሁ። ምሳ ዕቃዬን የምይዝበት አጥቼ ከበር ኋላ የተሰቀለውን አረንጓዴ ቦርሳሽን አነገትኩ።

ጦር ኃይሎች ስደርስ ሰልፉ እባብ ሆኖ ተጠማዟል። እንደምንም ገብቼ ብረቱን ይዤ ቆምኩ። ባቡሩ ገና ከመንቀሳቀሱ ነጠላ የለበሱ አንዲት ሴትዮ ከተቀመጡበት እጃቸውን ዘርግተው ቦርሳውን ያዙት። እኔም ያዝኩት። ሳቡ። ሳብኩ። ስድስት ዓመት መሪ ጨብጬ ስኖር፣ የተቀመጠ ሰው የቆመን ሰው ዕቃ ጭኑ ላይ እንደሚይዝለት ከነጭራሹ ረስቼው ኖሯል። ሌባ መሰሉኝ።

«እማማ፣ ይልቀቁ እንጂ!» ብዬ ጮህኩ።

«አንተ ልቀቅ! ይሄ የዱርሲቱ ቦርሳ ነው። ከየት አመጣኸው?»

ባቡሩ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሴትዮዋ ማንገቻውን ከፍ አድርገው ለሰዉ አሳዩ። «ይህን ቀይ ክር አያችሁት? ማንገቻው ሲበጠስባት እዚሁ ቁጭ ብዬ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ ከጠፋች ሦስት ሳምንቷ ነው! ተናገር፣ ዱርሲቱን ምን አድርገሃት ነው?»

አንድ ክራባት ያሰረ ሰውዬ በሩን ዘግቶ ቆመ። አንዷ ሴት ፖሊስ ይጠራ አለች። ሌባ ልይዝ ብዬ እኔው ሌባ ሆኜ አረፍኩት።

«ባሏ ነኝ» አልኩ።

«ባሏ?» ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «የመኪናው ሰውዬ?»

ዱርሲቱ፣ ሰዉ ሁሉ «አሃ!» አለ። ክራባት ያሰረው ሰውዬ ሳይቀር። አንድም ቀን አይቻቸው የማላውቅ ሰዎች በደንብ ያውቁኛል። ሴትዮዋ፣ ያንቺዋ እማማ ተረፈች፣ ቦርሳውን ወስደው ጭናቸው ላይ አደላደሉትና «በል ብረቱን ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ትወድቃለህ» አሉኝ። ደህና መሆንሽን፣ እህትሽ ጋ እንዳለሽ ነገርኳቸው። «ገለቶማ» ብለው ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ። እኔን አላመሰገኑኝም።

ልደታ ስንደርስ አልቻልኩም። «ስለ እኔ ምን ትላለች?» አልኳቸው።

«ክፉ አልወጣትም። ኪሩ ደግ ነው፣ ቤት ውስጥ ድምፁ አይሰማም ትላለች። መሪ ሲይዝ ግን ሌላ ሰው ይሆንብኛል ትላለች። 'ታዲያ አንቺ ያን ጊዜ ምን ታደርጊያለሽ?' ብላት 'ፍሬን እይዛለሁ' አለችኝና ተሳሳቅን። በኋላ ግን እግሯን አየሁት። ባቡሩ ሊቆም ሲል ቀኝ እግሯ ወለሉን ይጫናል። ሁልጊዜ! 'ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እዚህ የሚነዳው ሰው አይሳደብም፣ አይጋፋም፤ እግርሽን አሳርፊው' አልኳት። ሁለት ወር ፈጅቶባታል።»

ከዚያ በኋላ እስከ መገናኛ ዓይኔ የቆሙት ሰዎች እግር ላይ ነበር።

ፍሬን የሚለው ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። በአንቺ በኩል ፍሬን የለም፤ መኪናዋን ብሎን በብሎን አውቃታለሁ። ከሥራ ስመለስ ቤት ሳልገባ በቀጥታ ወደ ዲኤክሷ ሄጄ በአንቺ በኩል ያለውን በር ከፈትኩ። ምንጣፎቹን ትዝ ይሉሻል? እንደገዛናት ሰሞን ሁለቱንም በአንድ ቀን ነው የቀየርናቸው። የእኔ ደህና ነው። የአንቺ ግን ቀኝ እግርሽ በሚያርፍበት ላይ ተበልቶ ተቀዷል፤ በቀዳዳው ብረቱ ይታያል። ፍሬን ያለው በእኔ በኩል ሆኖ ምንጣፍ የጨረስሽው አንቺ ነሽ። አራት ዓመት አጠገብሽ ተቀምጬ አንድ ቀን ዝቅ ብዬ እግርሽን አላየሁትም። እዚያው በሩ ላይ ቁጢጥ ብዬ አለቀስኩ። ኦቦ ዳዲ በአጥራቸው ላይ አይተውኝ ወደ ቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ ምሳ ዕቃዬን ሳወጣ ቦርሳሽ ኪስ ውስጥ መንጃ ፈቃድሽን አገኘሁት። ሁለታችንም ያወጣነው በአንድ ዓመት ነው። አንቺ በመጀመሪያው ፈተና አለፍሽ፣ እኔ በሦስተኛው፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ታዲያ ለምንድን ነው ሁልጊዜ እኔ የነዳሁት? ማን ወሰነ? ቁልፉን እኔ ኪስ ውስጥ የከተትኩት መቼ ነው? አንቺ ጠይቀሽኝ እምቢ ያልኩበት ቀን ካለ ንገሪኝ። ካልጠየቅሽኝም ለምን እንዳልጠየቅሽኝ ንገሪኝ። እንደ ድሮው ልከራከርሽ አይደለም፤ ማወቅ ስለምፈልግ ነው።

ከሐሙስ ጀምሮ የምመላለሰው በባቡር ነው። ትናንት ቦታ አግኝቼ ተቀመጥኩና የአንዲት የማላውቃት ሴት ዘንቢል ያዝኩ። እስከ መስቀል አደባባይ ድረስ እንቁላል ተሸክሜ ነበር። የሰው ዕቃ ጭኑ ላይ ያለ ሰው እንዴት ቀስ ብሎ እንደሚተነፍስ ታውቂያለሽ? እኔ አላውቅም ነበር። እማማ ተረፈች «አካም ጂርቲ በልልኝ» ብለውሻል፣ እንዴት ነሽ ለማለት። የመኪናው ሰውዬ መባሌ ግን አልቀረም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። እሑድ ጠዋት በሦስት ሰዓት ዲኤክሷን ይዤ ላሊሴ በር ላይ እቆማለሁ። በእንጦጦ ዳገት ማንም ቢቀድመኝ አፌን አልከፍትም፤ ስደርስም ጥሩምባ አልነፋም። ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ። ካልወጣሽ ቦርሳሽን ለላሊሴ ሰጥቼ፣ አንቺንም እሷንም ሳልጨቀጭቅ እመለሳለሁ። ቤቱንም ብትከራዪ ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል።

ከወጣሽ ግን ቁልፉ ያንቺ ነው። የተቀደደውን ምንጣፍ አልቀየርኩትም፤ እሱ ባለበት በኩል እኔ እቀመጣለሁ። መንገዱ ከዚያ በኩል ሲታይ ምን እንደሚመስል ማየት እፈልጋለሁ። የእንጦጦን ቁልቁለት ስንወርድ ደግሞ የእኔ እግር ምን እንደሚያደርግ አንቺ ታዪልኛለሽ።

መሪውን አንቺ ያዢ፤ ቦርሳሽን እኔ እይዝልሻለሁ።

ኪሩ
ሰበታ