የባለቤቴ ሲዲዎች ስማቸው እንዳይታረም

በወሩ በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በመኖሪያ ቤቴ ሳሎን፣ መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ይህን ኑዛዜ አስጽፋለሁ። እኔ ተናዛዥዋ ዕድሜዬን ሙሉ በመድኃኒት ቤት የሠራሁ፣ አሁን ጡረታ የወጣሁ፣ ባሌ የሞተብኝና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ልቤ ደክሟል፤ ሰኞ ለቀዶ ሕክምና እገባለሁ፤ ልመለስ አልመለስ የማውቀው ነገር የለም። አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው። ይህን የምለው ወጉ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ልጄ ባለፈው ሳምንት ለእህቱ በስልክ «እማዬ መዘንጋት ሳትጀምር አልቀረችም» ሲላት ስለ ሰማሁት ነው። ጆሮዬም ሙሉ ነው።

ቃሌን የምትጽፍልኝ በመድኃኒት ቤቱ አብራኝ የሠራችው ገንዘብ ተቀባይዋ ናት። የእጅ ጽሑፏ ይነበባል፤ ይህም ከሐኪሞች ጋር ዕድሜውን ለፈጀ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛው ምስክር ከታችኛው ፎቅ ያለው ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ነው። ልጆቼ ሁለቱም እዚሁ ተቀምጠዋል። በመሐል የሚናገር ቢኖር የተናገረው ሁሉ እንዲጻፍ አዝዣለሁ፤ በኋላ እንዲህ አላልኩም የሚል እንዳይኖር።

አንደኛ፤ ቤቱ ለሁለቱ ልጆቼ እኩል ነው። የኩሽናው ቧንቧ የሚያንጠባጥበው ከዘንድሮ ጀምሮ አይደለም፤ አባታቸው ዛሬ ነገ እሠራዋለሁ እንዳለ ነው የሄደው። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ይባላል። የሰውን ሁሉ ሊፍት የሚጠግን ሰው በገዛ ቤቱ አንድ ቧንቧ ማጥበቅ አቃተው። ቧንቧውን የሚያሠራው ቀድሞ የተናደደው ይሁን።

ሁለተኛ፤ የመድኃኒት ሚዛኔን ለሴት ልጄ ሰጥቻታለሁ። ሕፃናት የምታስተምር ስለ ሆነች ይጠቅማታል፤ በልጅነቷም ስኳር እየመዘነችበት እጇን ስመታት ኖሬያለሁ። መነጽር ሠሪውን ለማግባት የእኔን ፈቃድ እየጠበቀች ከሆነ ፈቅጃለሁ። ሰውዬው አንድ ነገር ለመናገር ጠዋት ጀምሮ ማታ ይጨርሳል፤ ግን የምትሰማው እሷ እንጂ እኔ አይደለሁም።

ሦስተኛ፤ ወደ ሲዲዎቹ እመጣለሁ። ሰው የሰበሰብሁት ለዚህ ነው።

ባለቤቴ ደመወዝ በተቀበለ ቁጥር ሲዲ ይዞ ይገባ ነበር። የመተላለፊያው ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ሆነ። ይህን ችዬዋለሁ፤ ያልቻልሁት ሌላ ነው። ሰውዬው አንድ ሲዲ ሰምቶ ሲጨርስ ወደ ገዛ ሽፋኑ አይመልሰውም። ቀጥሎ የሚሰማውን ሲዲ ያወጣና የጨረሰውን እዚያው በእጁ በያዘው ሽፋን ውስጥ ይከተዋል። ምክንያቱ ስንፍና ነው፤ የፊተኛውን ሽፋን ለመፈለግ እንደገና መነሣት አለበትና። በዚህ አኳኋን ከመደርደሪያው ላይ በስሙ የሚገኝ ሲዲ ጠፋ። እኔ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ጠርሙሱና በላዩ የተለጠፈው ጽሑፍ መስማማታቸውን ስመለከት የምውል ሰው ነኝ። የሳል መድኃኒት በልብ መድኃኒት ስም ቢቀመጥ ሰው ይሞታል አልሁት። በሙዚቃ የሞተ ሰው አልሰማሁም ብሎ መለሰልኝ።

ክላሪኔቱን እንስማ ያልሁት እንደ ሆነ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ «ከእሱ ቀጥሎ ምን ሰማን?» ይለኛል። ያን ካስታወስን ክላሪኔቱ በዚያኛው ሽፋን ውስጥ ይገኛል። የአኮርዲዮኑ ሲዲ በቀልድ ሽፋን ውስጥ ነበር፤ ልጃችን የመንጃ ፈቃድ ፈተና ወድቃ ስታለቅስ የገባች ዕለት አኮርዲዮኑን አቋርጦ ቀልድ ከፍቶላታል። የመለከቱ በሕፃናት መዝሙር ሽፋን ውስጥ ነበር፤ የበኩር ልጄ ልጁን ታቅፎ መጀመሪያ የመጣ ቀን ነው። አንድ ዘፈን ለመስማት የስንት ጊዜ ነገር ወደ ኋላ እናስብ ነበር፤ እስክናገኘው እራቱ ይበርዳል። በዚህ ስናደድ ዕድሜዬ አለቀ።

አንድ ጊዜ እኔም ሲዲ ገዛሁለት። ፒያኖ ነው፤ ዝግ ያለ፣ ቃል የሌለበት። በሚሠራበት ትልቅ ሕንፃ ሊፍቶቹ ውስጥ እንዲህ ያለ ሙዚቃ ቀን ከሌት ይንቆረቆር ኖሯል፤ እኔ በምን አውቄ። ግማሹን ሳይሰማ «ቀኑን ሙሉ ሊፍት ውስጥ ውዬ ስመጣ ቤቴም ሊፍት ይሁንብኝ?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሲዲውን አላየሁትም። ተቀየምሁ፤ ዳግመኛም ገዝቼለት አላውቅም።

እህቴን ልጠይቅ በሄድሁበት ቀን፣ በዚሁ ሳሎን፣ ከወንበሩ ሳይነሣ አረፈ። ስመለስ ማጫወቻው ዝም ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ አልነካሁትም።

አራተኛ፤ ስለ ኮምፒውተሩ። የበኩር ልጄ የቢሮ ኮምፒውተሮችን የሚጠብቅ ሰው ነው። የተጣመመ ነገር ካየ እንቅልፍ አይወስደውም፤ እህቱ «አስተካካዩ» ብላ ስም አውጥታለታለች። በዕረፍቱ መጣና አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ከቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጠ። ሲዲዎቹን በሙሉ እዚህ እገለብጣለሁ፣ ከዚያ በስልክሽ እየመረጥሽ ኩሽናም መኝታ ቤትም ትሰሚያለሽ አለኝ። ከማጫወቻው ጀመረ፤ በውስጡ የነበረውን ሲዲ አወጣ። ሽፋን በእጁ ስላልነበረ ስም አልጻፈለትም፤ ኮምፒውተሩ ራሱ «ያልታወቀ» ብሎ መዘገበው። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ሄደ። ሽፋኑን ያነባል፣ ስሙን ይጽፋል፣ ሲዲውን ያጎርሰዋል፣ ሲጨርስ ጠረጴዛው ላይ ይከምረዋል። ሲዲው ላይ የታተመውን ማየት ለእሱ ጊዜ ማባከን ነው።

ሁሉን ገልብጦ ወደ ሽፋናቸው ሊመልስ ሲል ብቻ ነው ጉዱን ያየው። እኔ ገበያ ውዬ ስገባ ፊቱ በርቶ ጠበቀኝ። «እማዬ፣ አባዬ ሁሉንም አዘበራርቆት ነበር፤ አይዞሽ፣ እያንዳንዱን ወደ ገዛ ሽፋኑ መልሼዋለሁ» አለኝ። አባቱ ዕድሜውን ሙሉ የደረደረውን በአንድ ከሰዓት በኋላ አፈረሰው። ምን ልበለው? እኔስ ዕድሜዬን ሙሉ አባቱን ስለምነው የኖርሁት ይህንኑ አልነበረም?

ስለ ኮምፒውተሩ ጠባይ ብናገር ወረቀት አይበቃም። ሙዚቃ ልሰማ ስቀመጥ ራሴን ላድስ ነው፣ ጠብቂ ይለኛል። በኩሽና ያዘዝሁት በመኝታ ቤት ይጮኻል። የይለፍ ቃል አምጪ ይላል፤ በገዛ ቤቴ ማን ነሽ ተብዬ እጠየቃለሁ። ይህ ሁሉ ሳያንስ ስልኬ ላይ ክላሪኔት የሚለውን ስነካ ከበሮ መጣ። ዋሽንት ስል መዘምራን መጡ። ለልጄ ደውዬ ልጮኽበት ስልኩን እንዳነሣሁ ነገሩ ገባኝ። ኮምፒውተሩ የያዘው የሽፋኑን ስም ነው፤ ሲዲው ግን አባቱ በዚያ ሽፋን ውስጥ የከተተው ነው። መደርደሪያው ቢፈርስም በኮምፒውተሩ ውስጥ ሁሉም ባለቤቴ በተወው ቦታ አለ። የቀልዱን ስም ነካሁ። አኮርዲዮኑ መጣ። ኩሽና ውስጥ ቆሜ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

አምስተኛ፤ ዕዳ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ለባለቤቴ አንድ የዳንስ ሲዲ አውሶት ነበር፤ ደረጃ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ይጠይቀኛል። ባለቤቴ መልሼለታለሁ ብሎ ይምል ነበር። ልጄ ሲያስተካክል የሠርግ ማርሽ ሽፋን ውስጥ ተገኘ፤ ይኸው በምስክሮች ፊት መልሻለሁ። ልብስ ሰፊው ሲዲውን እያገላበጠ፣ «እትዬ፣ እኔ እኮ በዚህ ነገር ተናድጄ የሰውዬውን ሱሪ አሳጥሬበታለሁ» ብሏል። ያሳጠረው ሆን ብሎ እንደ ሆነ ዛሬ ገና አወቅሁ። ዕዳው ተቻችሏል።

ስድስተኛ፤ «ያልታወቀ» ስለሚለው። ብዙ ቀን ሳልነካው ቆየሁ፤ የልጄ ስሕተት መስሎኝ ነበር። አንድ ምሽት ነካሁት። ፒያኖ ነው፤ ዝግ ያለ፣ ቃል የሌለበት። እኔ የገዛሁለት።

ጠላሁት ያለው ሰው የመጨረሻ የሰማው እሱን ነው። እኔ ከቤት በወጣሁ ቁጥር ይሰማው ነበር ወይስ የዚያን ቀን ብቻ ነው? አላውቅም። እንደ ልማዳችን ከእሱ ቀጥሎ ምን ሰማን ብዬ እንዳልጠይቅ፣ ከእሱ ቀጥሎ የተሰማ የለም። ሽፋን ያጣውም ለዚህ ነው። በጣም ተናደድሁ። ወደድሁት ማለት ምን ይከብድ ነበር? ቀጥሎም አለቀስሁ፤ ናፍቆኛል፣ ይህም ይጻፍ።

ሰባተኛ፤ ውሳኔዬ። መደርደሪያውና ሲዲዎቹ ለሴት ልጄ ናቸው። አሁን ሁሉም በየስሙ ስለ ተቀመጠ ተራ ሲዲዎች ናቸው፤ ብትፈልግ ትስማቸው፣ ብትፈልግ ለመነጽር ሠሪው ትስጠው። ኮምፒውተሩ ግን ለበኩር ልጄ ነው። ስሞቹ የተሳሳቱ መሆናቸውን ሲያውቅ፣ አንድ ፕሮግራም አለ፣ እያንዳንዱን አዳምጦ ስሙን ራሱ ያርማል፣ አንቺ ሆስፒታል እያለሽ እጨርሰዋለሁ ብሎኛል። ይህን ኑዛዜ ያስጻፈኝ ይህ ቃሉ ነው። ሰኞ እኔ ስተኛ እሱ ሊያርም ነው። ስለዚህ በኮምፒውተሩ ውስጥ ካሉት ስሞች አንዱም እንዳይታረም፣ «ያልታወቀ» ለሚለውም ማንም ስም እንዳያወጣለት አዝዣለሁ። ብመለስም ባልመለስም ትእዛዙ የጸና ነው።

በዚህ ጊዜ የበኩር ልጄ ተነሥቶ፣ «እማዬ፣ ስሕተት መሆኑን እያወቅሽ? አንቺ? ጠርሙስ በጠርሙስ ስታስተካክዪ የኖርሽው?» አለኝ።

እኔም «ልጄ፣ ያ ስሕተት የአባትህ እጅ ነው፤ ሌላ የቀረኝ የለም» አልሁት።

ልጄ ተቀመጠ። ለምን ለእኔ ሰጠሽኝ፣ ለእሷ ብትሰጪያት እኮ አትነካውም ብሎ ጠየቀ። እውነቱን ነው፣ አትነካውም፤ ግን በቆመ ጊዜ ማስነሣትም አትችልም። ማስነሣት የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ እያሠራው፣ ሲያረጅም ወደ ሌላ ኮምፒውተር እየገለበጠው፣ ጥርሱን ነክሶ ይጠብቀው።

ምክሬ አጭር ነው። የወደዳችሁትን ነገር ሰው ፊት ወደድሁት በሉ። ቧንቧውንም አሠሩ።

ይህ ቃሌ ተነቦልኝ፣ ያልሁት ሁሉ መሆኑን ሰምቼ ፈርሜያለሁ።
ተናዛዥዋ (ፊርማ)

እኛ ከዚህ በታች የፈረምን፣ ተናዛዥዋ በሙሉ አእምሮ፣ በሙሉ ድምፅና በሙሉ ቁጣ ሲናገሩ ሰምተናል።
ገንዘብ ተቀባይዋ፣ ጸሐፊና ምስክር (ፊርማ)
ልብስ ሰፊው፣ ምስክር (ፊርማ)

ወራሾች ቃሉን መቀበላቸውን በፊርማ አረጋግጠዋል።
ሴት ልጅ (ፊርማ)
የበኩር ልጅ፣ ሳይታረም ተቀብያለሁ (ፊርማ)

የጸሐፊዋ ማስታወሻ፤ ፊርማው ካለቀ በኋላ ተናዛዥዋ ክላሪኔቱ እንዲከፈትላቸው ጠየቁ። የበኩር ልጃቸው ስልኩን አውጥቶ ስሞቹን ወደ ላይ ወደ ታች ሲያይ ቆየ። ከዚያ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ «ከእሱ ቀጥሎ ምን ሰማችሁ?» አላቸው። ተናዛዥዋ ይህም እንዲጻፍ አዘዙና ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተከሉ። እኔ ይህን ስጽፍ ገና እያሰቡ ነው።