ጭዱ ያንሳል

መጋቢት 9፣ ጠዋት 2 ሰ.

ቆርቆሮ ዛሬም ጨመረ። ባለሱቁ ዐይን ዐይኔን እያየ፣ ሳያፍር። ሚስማሩም ያው። ግማሹን ገዛሁ፣ ግማሹ ለሰኞ። ደብተሬ፣ የወጪ መጻፊያ ብዬ ገዛሁሽ፤ ይኸው ሐሜተኛ አደረግሁሽ።

እስካሁን፦ ባሕር ዛፍ ተከፍሏል። የመሠረቱ ድንጋይ ተከፍሏል። በርና መስኮት የራሴ እጅ። አናጢ ሆኜ በር ብገዛማ መሣቂያ ነው የምሆነው። የቀረኝ የግድግዳው ጭቃና የድምፁ ነገር።

የድምፁ ነገር ማለት የኔታ ናቸው። ከአጥራችን ማዶ ዜማ ያስተምራሉ። እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ተከራይቼ የምሠራበትን ቤት አከራዩ ልቀቅ አለኝ፤ የእንጨት ማሽኔን አምጥቼ እዚህ ቁስቋም፣ ግቢዬ ውስጥ ተከልሁት። በሦስተኛው ቀን የኔታ በመቋሚያቸው እየተደገፉ መጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ማሽንህ ሲጮህ ልጆቹ ዜማው ይጠፋባቸዋል፣ ብለው ብቻ ተመለሱ።

ስለዚህ ድምፅ የማያወጣ የሥራ ቤት። ደግሞ ብርዱን የሚከላከል፤ ጠዋት ጠዋት ኮላው አልይዝ እያለ ነው። ቀን ደግሞ ቆርቆሮው ሥር እንጨቱ ይጣመማል።

መጋቢት 11፣ ከሰዓት

ፎም ልጠይቅ ሄድሁ። ባለሱቁ ለጣሪያና ለግድግዳ ዋጋውን ሲነግረኝ ሣቄ መጣ። ባለ ዐሥር ፎቅ የማሠራ መስዬው ይሆናል። እየሣቅሁ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ሣቁ ጠፋ።

ከዚያ ትዝ አለኝ። ጭድ! በጆንያ ጠቅጥቆ ከኮርኒሱ በላይ መደርደር፣ ግድግዳውን በጭድ ጭቃ ወፍራም አድርጎ መምረግ። ምን ድምፅ ያልፈዋል? ለአባባ ደወልሁ፣ አገር ቤት፣ ድብ ባሕር። ጭድ አለ ወይ አልኋቸው። ትንሽ ዝም አሉ፤ ኔትወርክ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልሁ። ከዚያ፣ ምነው ልጄ፣ ላንተ ጭድ ጠፍቶ!

እዚህ ወጪ ላይ ጻፍሁት። ጭድ፣ ከአባባ፣ ምንም።

ባለቤቴ ትብለጥ ከብቶቹስ ምን ሊበሉ ነው አለችኝ። አንቺ ቁስቋም ተወልደሽ ስለ ከብት ምን ታውቂያለሽ፣ የገበሬ ልጅ እኔ ነኝ አልኋት።

መጋቢት 18፣ 11 ሰ. ገደማ

ጭዱ መጣ። ኢሱዙ ላይ ሃያ ጆንያ፣ አባባ ከሹፌሩ ጎን። እያንዳንዱን አፍ በገዛ እጃቸው ጠፍረው አስረውታል። የጤፍ ጭድ፣ ወርቅ የመሰለ።

ቋሚዎቹን አንድ በአንድ እየነካኩ ዞሩ። ሸጋ ነው፣ ሸጋ ነው ይላሉ። ሁለቱ የቀን ሠራተኞች ጭቃ እየረገጡ ያዩናል። አባባ ጆንያዎቹን አየት አደረጉና ይበቃህ ይሆን አሉኝ።

እኔም ሠራተኞቹን አየሁ። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ እንደ ተቋራጭ፣ ትንሽ ያንሳል አልሁ።

ስንት እንደሚፈጅ እንኳ አላሰላሁም ነበር። እንዲሁ አፌ ላይ መጣ። አባባ ምንም አይደል ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እደሩ ብንላቸው እምቢ፤ በሬዎቹን ማን ያያቸዋል አሉና በዚያው ኢሱዙ ተመለሱ።

መጋቢት 27

ሁለተኛው ጭድ መጣ። ስድስት ጆንያ፣ በአውቶቡስ ጣሪያ። ወይ ጉድ! አጭር፣ ጠቋቁሮ የረጠበ፣ ውስጡ እበት። የታኘከም አለበት። አባባ አርጅተዋል፤ የበረት ጥራጊ ላኩልኝ እኮ ብዬ አጉረመረምሁ። ባለቤቴ ት. አንድ እፍኝ ዘግና ብዙ አየችውና መልሳ ከተተችው።

ይሁን፣ ለምርጊት ይሆናል። አስቦካሁት።

ሚያዝያ 14፣ ቀን 8 ሰ.

አለቀ! ማሽኑን አስነሣሁ። ት. ሄዳ የየኔታ አጥር ሥር ቆመች። ተመልሳ፣ አስነሣው እንጂ ምን ትጠብቃለህ አትለኝም! ከጀመርሁ ቆይቻለሁ። እንዲህ ሥቄ አላውቅም።

የኔታ ራሳቸው መጥተው መረቁኝ። ኮላውም ይይዛል። ያየኝ ሁሉ ይጠይቀኛል፣ ምን ተጠቅመህ ነው ይላል። ጭድ ድምፅ ይበላል እላለሁ፣ እየተኮፈስሁ። ስንት ፈጀብህ ሲሉኝ ጭዱ በነፃ ነው እላለሁ።

ለምርጊቱ ዐሥር ጆንያ ሄደ፤ ኮርኒሱ ላይ ዐሥራ ሁለት አለ። አራት ተረፈ። ታዛው ሥር ጣልሁት።

ሚያዝያ 23

ሌሊቱን ዘንቦ በራፉ በጭቃ ላቁጧል። ቁም ሣጥን ያዘዘችኝ ሴትዮ ልታይ ትመጣለች፣ የማራኪዋ፣ ጫማዋ ሁልጊዜ የሚያበራው። ከአራቱ ጆንያ ሁለቱ ዝናብ ገብቶባቸው በስብሰዋል። ደረቆቹን ሁለቱን ቀደድሁና ከበሩ እስከ ቤቱ ጭቃው ላይ በተንሁት።

ረግጣው ገባች፣ ረግጣው ወጣች። ልብ ብላም አላየችው። ት. ግን ዳር ዳሩን ነው የምትሄደው። ምን ሆነሻል ብላት እንዲሁ ነው አለች።

ሚያዝያ 26፣ ከሰዓት 9 ሰ.

ልጻፈው።

አያ ሞላ መጡ። የአባባ ጎረቤት ናቸው፣ ማሳቸው የተያያዘ። ለዐይናቸው ሕክምና ጎንደር መጥተው፣ ልጁን ሳላይ አልመለስም ብለው ነው። በሩ ላይ ቆሙ። ይግቡ እንጂ አያ ሞላ እላለሁ፣ አይገቡም። ቁልቁል ያያሉ። ጎንበስ አሉና ከተረገጠው ጭድ አንድ ጭብጥ አነሡ። ጭቃውን አራገፉለት። የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ትንሽ ያዙትና ኪሳቸው ከተቱት።

እኔ ሞኙ ሣቅሁ።

ምሳ ቀርቦ እጃቸው አልሄድ አለ። በኋላ አወጡት፦ «አባትህ እንዳትነግሩት ብለው አስምለውኛል። ግን ይኸን በዐይኔ አይቼ ዝም ብል እግዜርስ ምን ይለኛል?»

ዳልቻ ተሸጧል። አባባ ሁለት በሬ ነበራቸው፣ ዳልቻና ቡሬ። ለእኔ ሃያውን ጆንያ ሲጭኑ ለራሳቸው የቀረው ለሁለት አይበቃም ነበር፤ እንደምንም አብቃቅቼ ሣሩ እስኪደርስ አደርሳቸዋለሁ ብለው ነው። ከዚያ እኔ ያንሳል አልሁ። ስድስቱን ጆንያ ክምሩ ሥር የቀረውንና በሬዎቹ ግርግም ውስጥ ያስተረፉትን ጠራርገው ሞሉት። ለምን ቢሏቸው፣ ልጄ ሠራተኛ ፊት እንዳያፍር።

እኔ እንዳላፍር።

ዳልቻ የጎድን አጥንቱ እየተቆጠረ ገበያ ወጣ። በረከሰ ዋጋ፣ ለሥጋ። ቡሬን ደግሞ ከአያ ሞላ በሬ ጋር ያጣምዱታል፤ መቀናጆ ሆነዋል። አንድ ቀን የእሳቸውን፣ አንድ ቀን የአባባን ያርሳሉ። ቡሬ በየቀኑ ቀንበር ላይ ነው። የሚበላው የአሮጌው ማድ ቤት የሣር ክዳን ነው፤ እየነቀሉ ይሰጡታል። ለዘር እንኳ መድረሱን እንጃ አሉ አያ ሞላ።

አባባ ዕድሜ ልካቸውን ጥማዳቸው ሙሉ ነበር። በሬ ያውሱ ነበር እንጂ ተራ ጠብቀው አያውቁም።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበር! ምላሴን ያኔ በቆረጠው። ተርፎኝ ነበር እኮ። አላነሰኝም ነበር።

ሚያዝያ 27

ማሽኑን አላስነሣሁም። ት.ን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። አንቺ ስለ ከብት ምን ታውቂያለሽ ያልሁትን ብታነሣብኝ እኮ ይቀለኝ ነበር። አላነሣችውም።

ለአባባ ደወልሁ። እኔ አፌን ሳልከፍት እሳቸው ጀመሩ። ድምፁ ቆመልህ? የኔታስ አላዘኑብህም? ብርዱስ? ሁሉም ሸጋ ነው አልሁ። በሬዎቹ ደኅና ናቸው ወይ አልሁ። ደኅና ናቸው አሉኝ።

ናቸው አሉ። ስልኩን ዘግቼ እንደ ልጅ አለቀስሁ።

ሚያዝያ 29፣ ጠዋት

በሬ መግዣ የለኝም። ያለኝ ሁሉ ቆርቆሮና ሚስማር ሆኖ ቆሟል። ግድግዳው ውስጥ የገባውን ጭድ ማንም አያወጣውም። ቀና ስል ግን ኮርኒሱ። ዐሥራ ሁለት ጆንያ፣ እሳቸው እንዳሰሩት፣ ደረቅ።

የኔታ ዘንድ ሄድሁ። ማሽኑ ተመልሶ ሊጮህ ነው፣ ይፍቱኝ አልሁ። ምክንያቱን ሁሉ ነገርኋቸው፣ ላቤ እየወረደ። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። ከሰዓት ከሰዓት ልጆቹን ዋርካው ሥር እወስዳቸዋለሁ፣ አንተ ያኔ ሥራ አሉኝ። ቁጣ የሚባል ነገር የላቸውም እኚህ ሰው። እኔ የምፈልገው ቁጣ ነበር።

ግንቦት 2

የኮርኒሱን ኮምፔልሳቶ ፈታሁ። ት. ከታች እየተቀበለች። አቧራው አፍ አያስከፍትም፤ ለእኔ ጥሩ ሆነ። ባዶውን ጣሪያ ሳየው አላዘንሁም። ጠዋት ኮላው አይይዝም፤ አይያዝ።

ለባለ ቁም ሣጥኗ ደወልሁ፣ ሁለት ሳምንት ይዘገያል ብዬ። ተቆጣች። እሰይ፣ ሰው ተገኘ።

ሁለት ሳምንት ያልሁት ጭዱን ጥዬ ስለማልመለስ ነው። የአባባንም የአያ ሞላንም እኔ አርሳለሁ። እርፍ ከያዝሁ ስንት ዓመቴ! እጄ ይላጣል፣ ይላጥ። አባባ ቁጭ ብለው ይዩኝ፤ የሚያዩት ፊት ካለኝ።

ግንቦት 4፣ ጠዋት 12 ሰ.

ኢሱዙው እህል ሊጭን ባዶውን በደባርቅ መንገድ ይሄዳል፤ እኔንና ጭዱን ድብ ባሕር ላይ ያወርደናል።

ት. ተርፎኝ ነው በላቸው፣ ደስ ይላቸዋል ትላለች። ለእሳቸው አዝና ነው። እኔ ግን በቃኝ። አባባ፣ ያን ቀንም አላነሰም ነበር፤ ሰው ፊት ትልቅ ልምሰል ብዬ ነው፤ እላቸዋለሁ። በር ላይ፣ ጆንያ ሳይወርድ። ቁጭ ካልሁማ ይጠፋብኛል።

የወጪውን ገጽ ገለጥሁት። ጭድ፣ ከአባባ፣ ምንም። ምንም የሚለውን ሠረዝሁት። አጠገቡ ዳልቻ ብዬ ጻፍሁ።

ት. ውጭ እያስጫነች ትቆጥራለች። ዐሥራ ሦስት አለች። ተሳስታለች፤ ኮርኒሱ ላይ የነበረው ዐሥራ ሁለት ነው። ወጣሁና ዐሥራ ሦስተኛውን ፈትቼ አየሁት። ግማሽ እንኳ አልሞላም። የበራፉ ጭድ ነው፤ ከጭቃው ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ። መቼ እንዳደረገችው እንጃ። ቀና ስል ፊቷን አዞረች።

ሹፌሩ ጡሩምባውን ይነፋል። ደብተሬ፣ አንቺ እዚሁ ቅሪ። ት.ን ይቅርታ ሳልላት አልሳፈርም፤ ልሂድና