ድንቡሼ መሻገሪያ

የካቲት 3

የጦር ምክር ቤቱ ስብሰባ ዛሬም አራት ሰዓት ፈጀ። እኔ እንደ ወትሮው ካርታው ሥር። ሥራዬ ቀላል ነው። የተጠየቀውን ወረቀት ከጥቅሉ አወጣለሁ፣ ግድግዳው ላይ እሰቅላለሁ፣ ባለቀለሙን ስፒል እተክላለሁ፣ ከዚያ ዝም። ሠላሳ አንድ ዓመት ካርታ ስስል ኖሬ በስተርጅና ካርታ ሰቃይ ሆንኩ።

አዛዡና ምክትላቸው ዛሬም አልተስማሙም። አዛዡ "ያለንበትን እንያዝ፤ እስከዚያ ፖለቲከኞቹ ይነጋገሩ" ይላሉ። ምክትሉ ደግሞ "ወንዙን ተሻግረን በአንድ ወር እንጨርሰው።" ሰብሳቢዋ እርሳሳቸውን ያንኳኳሉ። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ካርታው ላይ ትሄዳለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተራሮቹ ጋ ነች፤ አሥር ሰዓት ላይ ወንዙ ጋ ትደርሳለች። እሷን ስከተል ድምፃቸው ይርቀኛል... ከሌላ ቤት የሚሰማ ሬዲዮ ይመስለኛል።

የካቲት 5

የልጄ ደብዳቤ ደረሰ። ሬዲዮ ኦፕሬተር ናት፤ ክፍሏ ወንዙ ዳር ሰፍሯል። "አባዬ፣ ወንዙ ቀኑን ሙሉ ያንሾካሹካል። የሚለው ግን አይገባኝም" ትላለች።

ባለቤቴ ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። "ይሄን ወንዝ አንተ አይደለህ የሳልከው?" አለች።

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ልጄን ጠብቅልኝ በለዋ።"

የካቲት 9

ምክትሉ ዛሬ ዘንጉን አንስቶ ካርታው ላይ አሳረፈ። "እዚህ ጋ መሻገሪያ አለ። የመሻገሪያ ምልክቱ ሦስት ነጥብ፣ ይኸውና። በአንድ ሌሊት ስድስት ሺህ ሰው ማሳለፍ ይቻላል።" ከዚያ ጎንበስ ብሎ ስሙን አነበበ። "ድንቡሼ መሻገሪያ።"

ማንም አልሳቀም። ስፒሉን ነጥቦቹ ላይ ተከልኩ።

መሻገሪያ የለም እኮ። እዚያ ምንም የለም።

ልጻፈው እንግዲህ። እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ? በእኛ ሙያ ልማድ ነው። አስተማሪዬ ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ ነገሩኝ። "እያንዳንዱ ካርታ ላይ አንዲት ትንሽ ውሸት አስቀምጥ። ካርታችንን የሚቀዳ ሌባ በእሷ ይያዛል።" አንዱ መንገድ ያጣምማል፤ ሌላው የሌለ ኮረብታ ይተክላል። የውሸቶቹ ዝርዝር እሳቸው ጋ ነበር። እሳቸው ሞቱ። ዝርዝሩም መሥሪያ ቤቱ ሲዛወር ጠፋ።

ያን ዓመት ባለቤቴን ገና ደጅ እጠናት ነበር። ጉንጯ ሙሉ ስለነበር ሠፈሩ ሁሉ ድንቡሼ ይላታል። ወንዙ ላይ ሦስት ነጥብ አደረግሁና ስሟን ጻፍኩበት። ቦታውን አይቼው አላውቅም። ከአየር በተነሳው ፎቶ ዛፍ የሸፈነው ገደል ነው፤ ውሃው አይታይም። እዚያ ድረስ የሚሄድ ሰው ይኖራል ብሎ ማን አሰበ...

የካቲት 10

ከምሳ በኋላ ጋደም ብዬ አለምኩ። ካርታው ላይ እሄዳለሁ። እግሬ ድምፅ የለውም። ወንዙ ሰማያዊ ቀለም ነው፤ አያረጥብም። ነጥቦቹ ድንጋይ ሆነዋል። አንዱን ረገጥኩ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አራተኛ የለም። ልጄ ሬዲዮዋን አዝላ ከኋላዬ ናት። "አባዬ፣ ቀጥል እንጂ" ትለኛለች።

ባለቤቴ ቀሰቀሰችኝ። "በቀን የሚያስለቅስህ ምንድን ነው?"

"ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታብኝ ነው" አልኳት። መጋረጃው ተዘግቶ ነበር።

የካቲት 12

ዛሬም አልተናገርኩም።

የካቲት 13

ለምን? ፈርቼ ነዋ። በጦርነት ጊዜ ካርታ ላይ የዋሸን ሰው ምን እንደሚያደርጉት አውቃለሁ። ደግሞ ተስፋ አደርጋለሁ... አዛዡ ይረቱና መሻገሩ ይቀራል፤ እኔም ውሸቴን ይዤ ጡረታ እወጣለሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያልኩ ራሴን አባብላለሁ።

ግን አዛዡ እየረቱ አይደለም።

ምክትሉ ዛሬ "መሪ ማለት የሚወስን ነው። የሚጠብቅማ ዘበኛ ነው" አለ።

አዛዡ አልተቆጡም። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉ። "ለመሆኑ ካሻገርካቸው ውስጥ ስንቱን ትመልሳለህ?"

"እዚሁ ከተቀመጥንም በየቀኑ እየሞቱ ነው። እርስዎ የሚቆጥቡት ሰው የትኛውን ነው?"

እውነቱን ለመናገር ሁለቱም እውነት አላቸው። ምክትሉ ክፉ ሰው አይደለም። ወንድሙ ባለፈው ወር ሞቶበታል። ከዚያ ወዲህ ሲናገር ካርታውን እንጂ ሰው አያይም።

ሰብሳቢዋ ቀጠሮ ያዙ። የካቲት 16 በሁለት ነገር ላይ ድምፅ ይሰጣል፦ እንሻገር ወይስ አንሻገር፣ ጦሩንስ ማን ይምራ። መጀመሪያ የሚሻገሩት ክፍሎች ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ነበር። የልጄ ክፍል ሁለተኛ ተራ ላይ አለ።

የካቲት 15

ለባለቤቴ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። "ስሜን ወንዝ ላይ ጽፈህ ሠላሳ ዓመት ደበቅከኝ?" ፊቷ እንደ ድሮው ሞላ። ከዚያ ነገሩ ገባት። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ነገ ሳትናገር ወደዚህ ቤት እንዳትመለስ" አለች።

"ቢያስሩኝስ?"

"ምሳህን አመላልስልሃለሁ።"

የካቲት 16

ተናገርኩ።

ሰብሳቢዋ "ወደ ድምፅ እንሂድ" ሲሉ እጄን አወጣሁ። ካርታ ሰቃይ እጅ ያወጣል እንዴ? ሁሉም ዞረው አዩኝ። ግድግዳው የተናገረ ያህል ነው የገረማቸው። "መሻገሪያው የለም። እኔ ነኝ የሳልኩት" አልኩ። ልማዱን፣ አስተማሪዬን፣ ስሙን... ሁሉንም ዘረገፍኩት። እንደ ሕልም ቀለለኝ።

ምክትሉ ተነሳ። "ይሄ የማን ምክር ነው? የእሳቸው ነው?" ወደ አዛዡ ጠቆመ።

"የባለቤቴ ነው" አልኩ።

አዛዡ መነጽራቸውን አድርገው መጡና አፍንጫቸውን ነጥቦቹ ላይ ሊያስነኩ ምንም አልቀራቸው። "ሰው ይላክና ይታይ" አሉ። ምክትሉ "ጊዜ መግዣ ነው!" አለ። ሰብሳቢዋ አምስት ቀን ሰጡ። በር ላይ መታወቂያዬን ተቀበሉኝ፤ ከቤት እንዳልወጣም ተነገረኝ።

የካቲት 19

ቤት ውስጥ። መስኮቱ ጋ ተቀምጬ መንገዱን አያለሁ። ከዚህ ሲታይ ሁሉም ነገር ከላይ የተሳለ ይመስላል... ሰዎቹ ነጥብ፣ አጥሩ መስመር። የተላኩት ሰዎች እዚያ ሄደው ቢሳሳቱስ? ሌላ ቦታ አይተው "አለ" ቢሉስ? ባለቤቴ ሽንኩርት እየላጠች ታየኛለች። ሽንኩርቱ ለአሥር ሰው ይበቃል።

የካቲት 21

ጠሩኝ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ካርታ ተዘርግቷል።

የተላኩት ሰዎች ተመልሰዋል። መሻገሪያ የለም፤ ውሃው ከአራት ሰው ቁመት በላይ ይጠልቃል። ግን ሌላም አይተዋል። ከማዶ፣ ልክ ነጥቦቹ ፊት ለፊት፣ ምሽግ ተቆፍሯል። ሠራዊት ጢም ብሎ ተቀምጦበታል። ለምን እዚያ? አዛዡ ባለፈው ዓመት የተማረከ የማዶዎቹን ካርታ ከመሳቢያ አስወጥተው ነበር። በእነሱ ፊደል ነው። ወንዙ ላይ ሦስት ነጥብ አለ። ፊደሉን የሚያውቀው ጸሐፊ እየቆጠረ አነበበ። "ዲን... ቡ... ሼ።"

ካርታችንን ቀድተውታል። እኛ እዚያ ልንሻገር ስናስብ እነሱም ወይ ሊሻገሩ ወይ ሊጠብቁን እዚያው ተሰብስበዋል። ሌባው ተያዘ። የካርታው ባለቤትም አብሮ ሊያዝ ነበር።

ምክትሉ ሁለቱን ካርታ እያፈራረቀ አየ። "ስድስት ሺህ ሰው..." አለና ተቀመጠ። ድምፅ ተሰጠ። መሻገሩ ቀረ፤ አዛዡም በቦታቸው ቆዩ። እኔን አላሰሩኝም። ጡረታዬን ሦስት ወር አስቀደሙልኝ፤ ያው መባረር ነው።

ኮሪደሩ ላይ ምክትሉ ደረሰብኝ። ያልተኛ ሰው ዓይን ነው ያለው። "ልጅህ እዚያ ባትኖር ኖሮ ትናገር ነበር?" አለኝ።

ደረጃውን ወረድኩ። ጥያቄው ቤት ድረስ ተከተለኝ።

የካቲት 28

ደብዳቤ። "አባዬ፣ ክፍላችን ድንቡሼ ጋ ተዛውሯል። ከማዶ አንዱ በተሰባበረ ቋንቋችን ተጣራ። 'መሻገሪያው የት ጋ ነው?' አለ። የእኛ አንዱ 'እኛም እናንተን ልንጠይቅ ነበር' ብሎ መለሰ። ወዲህም ወዲያም ሳቁ። ያን ቀን እዚህ ጋ ተኩስ አልነበረም። በማግስቱም አልነበረም።"

መጋቢት 11

ከማዶዎቹ ጋር ንግግር ሊጀመር ነው። የት እንገናኝ በሚለው ላይ ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቁ አሉ። እያንዳንዱ ኮረብታ ሁለት ስም አለው፤ እኛ አንድ ብለን እንጠራዋለን፣ እነሱ ሌላ። የእኛን ስም ከተቀበሉ ተሸነፉ፣ የእነሱን ከተቀበልን ተሸነፍን። በሁለቱም ካርታ ላይ አንድ ዓይነት ስም ያለው ቦታ አንድ ብቻ ተገኘ። ስምምነቱ ላይ በሁለት ፊደል ተጻፈ። ድንቡሼ መሻገሪያ።

አዛዡ ወረቀትና ቀለም ቤቴ ድረስ ላኩ። አዲሱን ካርታ እኔ ልስለው፤ ስሙ ይቆይ። ጠዋቱን ሙሉ ሳልኩ። ወንዙን ሳላቋርጥ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማያዊ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ውሸት የሌለበት የመጀመሪያ ካርታዬ ነው።

ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ታያለች። "ነጥቦቹስ?"

"አጠፋኋቸው።"

"እኔስ?"

"አንቺ አለሽ።"

ሌላው ግንባር ላይ ተኩሱ አልቆመም። ምክትሉ ወደዚያ ሄዷል፤ ራሱ ጠይቆ ነው አሉ። ንግግሩም ይፈርስ ይሆናል። ፈርቻለሁ። ደስም ብሎኛል... የትኛው እንደሚበዛ አላውቅም።

ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተደራዳሪዎቹን የሚያሻግር፣ በገመድ የሚጎተት ጀልባ ይነሳል። ሬዲዮውን ይዛ የምትገባው ልጄ ናት። መሻገሪያ የለውም ያልኩት ቦታ ላይ ልትሻገር ነው።